ብረት፣ ካልሲየም፣ ዚንክ፣ ማግኒዚየም፦ የትኛው ከየትኛው ጋር፣ በስንት ሰዓት?

መድኃኒት ቤት ውስጥ ስሠራ በየሳምንቱ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ ሰው ፌስታል ይዞ ይገባና ባንኮኒው ላይ ይዘረግፈዋል። ሐኪም ያዘዘው የብረት ኪኒን፣ እህት ከአሜሪካ የላከችው ትልቅ የካልሲየም ብልቃጥ፣ ጎረቤት «እንቅልፍ ያመጣል» ብላ ያስገዛችው ማግኒዚየም፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ዚንክ፣ አንድ መልቲቪታሚን። ከዚያም «እነዚህን ሁሉ ጠዋት ባንዴ ብውጣቸው ችግር አለው?» ይላል።

አዎ፣ ችግር አለው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ መመረዝ አይደለም፤ ማዕድኖቹ አንጀት ውስጥ በአንድ በር ለመግባት ስለሚሻሙ ግማሹ ሳይጠቅም ይወጣል። ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሲገናኙ ግን መድኃኒቱን አስረው ሥራውን ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ያኔ ጉዳቱ ከባድ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰዓት መለየት። ከዚህ በታች ያለው እኔ ባንኮኒው ላይ ወረቀት አውጥቼ ለሰው የምሠራለት አደላደል ነው፤ እርስዎም ቤትዎ ቁጭ ብለው ሊሠሩት ይችላሉ።

የሚያስፈልግዎ

- ቤት ውስጥ ያለው ኪኒን፣ ሽሮፕና ዱቄት ሁሉ ከነብልቃጡ ወይም ከነካርቶኑ
- የሐኪም ማዘዣ ወረቀቶች፣ ካለዎት የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ውጤት
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የሚደውል ስልክ
- የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የኪኒን ሳጥን፣ ከሌለ ደረቅና ክዳን ያላቸው ትንንሽ ዕቃዎች
- አንድ ሙሉ ብርጭቆ የሚይዝ መጠጫ

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሐኪም ሳያማክሩ መቀጠል የሌለባቸው

የኩላሊት ሕመም ካለብዎ ማግኒዚየምና ፖታሲየም በራስዎ ውሳኔ አይጀምሩ። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል፤ የታመመው ግን ያከማቸዋል፤ ሁለቱም ሲከማቹ ልብን ያውካሉ።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ ከሆነ የፖታሲየም ኪኒንም ሆነ በፖታሲየም የተሠራ «የጨው ምትክ» አይንኩ። መድኃኒቶቹ ራሳቸው ፖታሲየምን በደም ውስጥ ያቆያሉ።

ታላሴሚያ (በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ) ያለበት ወይም ተደጋጋሚ ደም የሚሰጠው ሰው፣ የደም ማነስ ቢኖርበትም እንኳ፣ ሳይመረመር ብረት አይውሰድ። ብረቱ ሰውነቱ ውስጥ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

እርጉዝ ከሆኑ የታዘዘልዎትን ብቻ ይውሰዱ፤ ከዚህ መመሪያ የሚጠቀሙት የሰዓቱን አደላደል ነው። የሕፃናት መጠን በዕድሜና በክብደት ስለሚሰላ የአዋቂን ኪኒን ከፍለው አይስጡ።

ደረጃ 1፦ ሁሉንም አውጥተው ይጻፉ

ብልቃጦቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። የእያንዳንዱን ስምና በውስጡ ያሉትን ማዕድናት በሙሉ ይጻፉ። መልቲቪታሚኑን፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ኪኒን፣ ለጨጓራ የሚታኘከውን ወይም በጠርሙስ የሚጠጣውን ማስታገሻ አይርሱ። ብዙ ሰው የጨጓራ ማስታገሻን ከዚህ ጉዳይ ጋር አያገናኘውም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚሠሩት ከካልሲየም፣ ከማግኒዚየም ወይም ከአሉሚኒየም ነው።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው ድግግሞሽን ለመያዝ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ካመጡልኝ አምስት ብልቃጥ ሦስቱ ውስጥ ዚንክ ነበረ፦ «ለፀጉር» በተባለው፣ «ለበሽታ መከላከያ» በተባለው፣ በመልቲቪታሚኑም። ሦስት የተለያየ ነገር የሚወስዱ መስሏቸው አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይወስዱ ነበር።

ከውጭ ሻንጣ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ከብልቃጡ ወጥቶ በላስቲክ የተላከ ኪኒን ካለ ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። የላከው ሰው የብልቃጡን የፊትና የጀርባ ፎቶ እስኪልክልዎ ድረስ አይውሰዱት። በቀለምና በቅርጽ መገመት አይቻልም።

ደረጃ 2፦ እውነተኛውን መጠን ያንብቡ

ብልቃጡ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ የማዕድኑ መጠን አይደለም። ማዕድኑ ብቻውን ኪኒን አይሆንም፤ ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ ነው የሚመጣ። ለምሳሌ 1250 ሚ.ግ ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ያለው ካልሲየም 500 ሚ.ግ ነው። 325 ሚ.ግ ፌረስ ሰልፌት ውስጥ ያለው ብረት 65 ሚ.ግ ነው። ጀርባው ላይ «ኤለመንታል» የሚል ቃል ካገኙ ከጎኑ ያለው ቁጥር እውነተኛው ነው፤ እሱን ይጻፉ።

ከአሜሪካ የመጣ ብልቃጥ ላይ ደግሞ «ሰርቪንግ ሳይዝ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። እዚያ «2 ታብሌት» ወይም «3 ካፕሱል» ከተባለ፣ ከሥር የተዘረዘረው መጠን የአንድ ፍሬ ሳይሆን የሁለቱ ወይም የሦስቱ ድምር ነው።

አሁን ተመሳሳዩን ማዕድን ከሁሉም ብልቃጥ ይደምሩ። በአሜሪካ ለጤነኛ አዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ ይህ ነው፦

- ብረት፦ 45 ሚ.ግ
- ዚንክ፦ 40 ሚ.ግ
- ማግኒዚየም፦ ከኪኒን ብቻ የሚገኘው 350 ሚ.ግ
- ካልሲየም፦ ምግብም ኪኒንም ተደምሮ እስከ 50 ዓመት ዕድሜ 2500 ሚ.ግ፣ ከዚያ በላይ 2000 ሚ.ግ
- ሴሊኒየም፦ 400 ማይክሮ ግራም

ሐኪም ለደም ማነስ ሕክምና ያዘዘው ብረት ከዚህ ጣሪያ ሊበልጥ ይችላል፤ ያ ሕክምና ስለሆነ በራስዎ አይቀንሱት። ሳይታዘዝልዎ ከጣሪያው ያለፈ ነገር ካገኙ ግን የተደጋገመውን ብልቃጥ ያስቀምጡት። ሴሊኒየም ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል። ለፀጉር ብለው የሚወስዱት ሰዎች ይህን ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱ የማይነካውን መድኃኒት መጀመሪያ ያስቀምጡ

ብዙ ሰው አደላደሉን ከሰፕሊመንቱ ይጀምርና መድኃኒቱን ባገኘው ክፍተት ይሰገስገዋል። የተገላቢጦሽ ነው መሆን ያለበት። መጀመሪያ የሐኪም መድኃኒትዎ በሰዓቱ ይቀመጥ፤ ማዕድኖቹ ዙሪያውን ይደረደራሉ።

ምክንያቱም ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ዚንክና አሉሚኒየም አንዳንድ መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ ይይዟቸዋል። የተያዘው መድኃኒት ወደ ደም መግባት አይችልም፤ እንዳለ ይወጣል። ሰውየው መድኃኒቱን ሳያዛንፍ እየወሰደ በሽታው አይሻለውም። በብዛት የሚያጋጥሙኝ እነዚህ ናቸው፦

ሀ) ሌቮታይሮክሲን (ለእንቅርት ወይም የታይሮይድ ሆርሞን ላነሰው)። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ከብረትም ከካልሲየምም ጋር የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል።

ለ) ሲፕሮፍሎክሳሲን (ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለሌላም የሚታዘዝ)። ከማዕድናት 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። ሕክምናው ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሐኪምዎ ወይም ፋርማሲስትዎ ከተስማማ፣ ለእነዚያ ቀናት ማዕድኖቹን ማቆም ሰዓት ከመቁጠር ይቀላል።

ሐ) ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን። ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይለዩዋቸው። ብረት ግን የተለየ ነው፤ ዶክሲሳይክሊን ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ከፊሉ ተመልሶ ወደ አንጀት ስለሚመጣ፣ ሰዓት ቢለዩም ብረቱ እዚያ ሊይዘው ይችላል። ሕክምናው እስኪያልቅ ብረቱን ስለማቋረጥ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

መ) ዶሉቴግራቪር (ብቻውን ወይም ከሌሎች የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር በአንድ ኪኒን የተዋሐደው)። ከብረት ወይም ከካልሲየም ጋር አብሮ የሚወሰደው ከምግብ ጋር ከሆነ ብቻ ነው። በባዶ ሆድ ከሆነ ከእነሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መሆን አለበት። ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ካለበት የጨጓራ ማስታገሻ ጋር ግን ምግብም አያድነውም፤ ሁልጊዜ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ። የማግኒዚየም ኪኒንንም እንደዚያው ይቁጠሩት። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ነው ለሰው የምናገረው፤ ቫይረሱን የሚቆጣጠረው መድኃኒት ሲያንስ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል።

ሠ) ሜቲልዶፓ (ለእርጉዝ ሴቶች የደም ግፊት)። ብረት ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒቱን መጠን ስለሚቀንስ ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። እርጉዝ ሴት ደግሞ ሁለቱም ይታዘዙላታል። ቢያንስ 2 ሰዓት ይለዩ፤ ክትትል ለሚያደርጉልዎ ባለሙያም ሁለቱን እንደሚወስዱ ይንገሩ።

ረ) አሌንድሮኔት (አጥንት ለሳሳበት)። ከእንቅልፍ እንደተነሡ በውሃ ብቻ፤ ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ምንም አይቅመሱ፣ አይተኙም። ካልሲየሙ ቆይቶ ከምግብ ጋር ይሁን።

ከእነዚህ አንዱንም የማይወስዱ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 4፦ ለብረት ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት ይፈልጉለት

ከማዕድናቱ ሁሉ አስቸጋሪው ብረት ነው። ካልሲየም ያግደዋል፣ ዚንክ ይሻማዋል፣ ወተት ያግደዋል፣ ጥራጥሬና እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል፣ ቡናና ሻይም እንዲሁ። ስለዚህ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ምግብ ከበሉ 2 ሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ብቻውን ይዋጡት።

የቡናውን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ እኛ ቤት ብረት የሚባክነው በአብዛኛው እዚያ ነውና። በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ከምግቡ የሚገኘውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ለእኛ የሚጠቅመው ቀጣዩ ክፍል ነው፦ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አላሳየም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀንሶታል። ስለዚህ ብረቱን ከዋጡ በኋላ የሚጠብቁት ከመዋጥዎ በፊት ከሚጠብቁት ይበልጣል። ከቡና አንድ ሰዓት በኋላ ብረት መውሰድ ይቻላል፤ ብረት ከወሰዱ በኋላ ግን ቡናው ሁለት ሰዓት ይቆይ። ቡና ሲጠጣ በአቦል አያበቃም፤ ቶናና በረካ እስኪወርዱ ሰዓቱ ይረዝማል። «ከቡና አንድ ሰዓት በኋላ» ሲባል የሚቆጠረው ከመጨረሻዋ ሲኒ ነው።

ሎሚና ብርቱካን ይረዳል ወይ ለሚሉኝ፦ ከምግብ የሚገኘውን ብረት፣ ከጎመኑም ከምስሩም ከእንጀራውም፣ በደንብ ይረዳል። ጎመኑ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት። ለኪኒኑ ብለው ግን የቫይታሚን ሲ ብልቃጥ ለብቻ መግዛት አያስፈልግዎትም፤ የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ ነው።

ሆድዎን ካስቸገረዎ፣ ካቅለሸለሸዎ ወይም ካጋሳዎ፣ በትንሽ ምግብ ይውሰዱት። ትንሽ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ሳይሆን ቀለል ያለ ነገር። በባዶ ሆድ ሞክረው ካቆሙት ብረት ይልቅ ከምግብ ጋር የሚወስዱት ይሻላል። በወተት ግን አይሁን። አንዲት ነፍሰ ጡር ለአራት ወር ብረቷን አንድም ቀን ሳታጎድል ወስዳ የደሟ መጠን ንቅንቅ አላለም ብላ እያለቀሰች መጣች። እንዴት እንደምትወስደው ጠየቅኳት፤ «ጨጓራዬን እንዳይነካኝ በአንድ ብርጭቆ ወተት» አለችኝ። ኪኒኑን አልቀየርንም። ማታ ከመተኛቷ በፊት በውሃ አደረግነው፤ በሚቀጥለው ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ማታ የሚወስዱ ከሆነ ኪኒኑን በብዙ ውሃ ይዋጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የቀረ የብረት ኪኒን ያቆስላል። ሽሮፕ ከሆነ በቀጭን ቱቦ ይጠጡትና አፍዎን ይጉመጥመጡ፤ ጥርስ ያጠቁራል።

ሐኪም «አንድ ቀን እየዘለልሽ ውሰጂ» ቢልዎ ተሳስቶ አይደለም። ብረት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ እሱም ለአንድ ቀን ያህል የብረቱን በር ያጠብባል። ቀን ሲዘለል በሩ ይከፈታል። እርጉዝ ሴቶች ግን በየቀኑ ከተባሉ በየቀኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርጉዝ ሴቶች የሚመክረው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚ.ግ ብረት ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው።

ብረት ሲወስዱ ሰገራ ይጠቁራል። የተለመደ ነው፤ በዚህ ምክንያት አያቋርጡ። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ኃይለኛ መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ፣ በተለይ ከማዞር ጋር፣ የሆድ ውስጥ ደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ካልሲየምን ከምግብ ጋር፣ ከፋፍለው

ካልሲየም ካርቦኔት እንዲሟሟ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፤ አሲዱ የሚበዛው ስንበላ ነው። ስለዚህ ከምሳ ወይም ከእራት ጋር። ካልሲየም ሲትሬት ከሆነ በባዶ ሆድም ይቻላል። ኦሜፕራዞል ወይም ተመሳሳይ የአሲድ መቀነሻ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ሲትሬቱ ይሻለዋል።

በአንድ ጊዜ ከ500 ሚ.ግ አይበልጥ። ሰውነት በአንዴ ብዙ ሲሰጠው የሚወስደው ድርሻ ይቀንሳል። በቀን 1000 ከታዘዘልዎ 500 በምሳ፣ 500 በእራት። ካልሲየም በምግባቸው ለሚያንሳቸው እርጉዝ ሴቶች የእርግዝና ግፊትን ለመከላከል በቀን ከ1500 እስከ 2000 ሚ.ግ ሊታዘዝ ይችላል፤ ያኔ ሦስት ቦታ፣ 2000 ከሆነ አራት ቦታ ይከፈላል።

ከብረቱ ቢያንስ 2 ሰዓት ይራቅ።

ደረጃ 6፦ ዚንክ፣ ማግኒዚየምና መልቲቪታሚን

ዚንክ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል፤ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ይውሰዱት፣ ከብረት 2 ሰዓት ያርቁት። በየቀኑ ብዙ ዚንክ (50 ሚ.ግና ከዚያ በላይ) ለሳምንታት መውሰድ ሰውነት መዳብ እንዳያገኝ ያደርጋል። የመዳብ እጥረት የደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ያመጣል፤ ሰውየው ደግሞ ለደም ማነሱ ብረት ይጨምርበታል። ዚንክን ያለ ሐኪም ምክር ለወራት አይውሰዱ።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ዚንክ የተለየ ነው። ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚ.ግ፣ ከዚያ በላይ 20 ሚ.ግ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ይጨርሱ፤ ቀጣዩን ተቅማጥ የሚከላከለው የቀሩት ቀናት ዚንክ ነውና። ከኦአርኤስ ጋር በአንድ ቀን መስጠት ምንም ችግር የለውም።

ማግኒዚየም ከእራት ጋር። ማታ የሚሆነው ሌላው ሰዓት ስለተያዘ ነው፤ ቀን ቢወስዱትም ይሠራል። ተቅማጥ ካመጣብዎ፣ በተለይ ማግኒዚየም ኦክሳይድ የሚባለው፣ መጠኑን ይቀንሱ ወይም ለሁለት ይክፈሉት። ከካልሲየም ጋር በአንድ ማዕድ ቢገናኙ በተለመደው መጠን የሚያሳስብ አይደለም።

መልቲቪታሚን ከምሳ ጋር። በውስጡ ያለው ጥቂት ብረት የታዘዘልዎትን የብረት ኪኒን አይተካም።

ደረጃ 7፦ በወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ሰዓት ይጻፉ

በእኛ ሰዓት ከሆነ ሁሉም በእኛ፣ በፈረንጅ ከሆነ ሁሉም በፈረንጅ። አንዲት ልጅ ከውጭ ሆና እናቷን በስልክ «እማዬ፣ ብረቱን 8 ሰዓት ላይ ዋጪ» አለቻቸው። እሷ የጠዋቱን 2 ሰዓት ማለቷ ነበር። እናቷ ግን በ8 ሰዓት፣ ምሳ በልተው ቡና እየተጠጣ፣ ይውጡት ነበር። ሰዓቱን ከመጻፍ በላይ «ከቁርስ በፊት»፣ «ከምሳ ጋር» ብሎ መጻፍ ያድናል።

የሐኪም መድኃኒት ለሌለው ሰው (በእኛ ሰዓት)፦

- ከንጋቱ 12፡30፦ ብረት በውሃ
- ጠዋት 1፡30፦ ቁርስ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ሻይ
- ጠዋት 3፡00፦ ቡና
- ቀን 6፡30፦ ምሳ፤ ካልሲየም 500 እና መልቲቪታሚን
- ማታ 1፡30፦ እራት፤ ማግኒዚየም፣ ዚንክ ከታዘዘ ዚንክ

ሌቮታይሮክሲን ለሚወስድ፦

- ከንጋቱ 12፡00፦ ሌቮታይሮክሲን በውሃ
- ጠዋት 1፡00፦ ቁርስና ቡና
- ጠዋት 4፡30፦ ብረት በውሃ
- ቀን 6፡30፦ ምሳ፤ ካልሲየም
- ማታ 1፡30፦ እራት፤ ማግኒዚየም

በጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ካልሲየሙን ከ9 ሰዓቱ ምግብ ጋር፣ ብረቱን ማታ 4 ሰዓት ላይ ያድርጉት። በረመዳን ካልሲየሙ ከኢፍጣር ምግብ ጋር፣ ብረቱ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ካልሲየም በሱሁር። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወሰድ የሐኪም መድኃኒት ካለዎት ግን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ደረጃ 8፦ አንድ በአንድ ይጀምሩ፣ ውጤቱን ይከታተሉ

ሁሉንም በአንድ ሰኞ አይጀምሩ። በታዘዘልዎት ይጀምሩና የራስዎን በየሳምንቱ አንድ አንድ ይጨምሩ። ሆድዎ ቢታወክ ጥፋተኛውን የሚያገኙት እንደዚህ ነው።

ለደም ማነስ ከሆነ ከ4 ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢንዎን ይለኩ። በዚህ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ግራም በዴሲሊትር ከፍ ማለት አለበት። ካላለ፣ ሰዓቱን በትክክል ጠብቀው ከሆነ፣ ደሙ የሚሄድበት ወይም ብረቱ የሚታገድበት ሌላ ምክንያት ይፈለጋል፦ የአንጀት ትል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የወር አበባ መብዛት። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለም በኋላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፤ ባዶ የሆነው ጎተራ ገና አልሞላምና።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- ብረቱ ጨጓራ ሲያቃጥል ወዲያው የጨጓራ ማስታገሻ መጠጣት። ማስታገሻው ብረቱን ያግደዋል፤ 2 ሰዓት ይጠብቁ።
- ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራን ኪኒን መፍጨት ወይም መስበር። ለረጅም ሰዓት የታሰበው መጠን በአንዴ ይለቀቃል።
- የጎረቤትን መጠን መውሰድ። እሷ ተመርምራ የታዘዘላት ለእርስዎ ትርፍ ሊሆን ይችላል።
- የብረት ብልቃጥን የምግብ ጠረጴዛ ላይ መተው።

ስለ መጨረሻው ልጨምር። የብረት ኪኒን ቀይ፣ ለስላሳ፣ በስኳር የተሸፈነ ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃን ልጅ ከረሜላ ነው። ጥቂት ፍሬ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ልጅዎ ብረት ከዋጠ፣ ወይም ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ፣ ምልክት ሳይጠብቁ ብልቃጡን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። ካስመለሰው በኋላ ለሰዓታት የተሻለው ሊመስል ይችላል፤ ያ ጊዜ ብዙ ወላጅ የሚዘናጋበት ነው። እንዲያስመልስ አያስገድዱት።

ቢረሱ

ብረት ከረሱ፣ ሆድዎ ባዶ በሆነበት በሚቀጥለው ሰዓት ይውሰዱት፤ የነገው ከደረሰ ግን ይዝለሉት። ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዚየም ከረሱ ከሚቀጥለው ምግብ ጋር። ለማካካስ ሁለት እጥፍ አይዋጡ።

ሌቮታይሮክሲን ወይም ዶሉቴግራቪር ረስተው ማዕድኑ የሚወሰድበት ሰዓት ሲደርስ ካስታወሱ፣ መድኃኒቱን ይዋጡና የዚያን ቀን ካልሲየም ወይም ብረት ወደ ማታ ይግፉት፤ ሰዓቱ ካልበቃ ለዚያ ቀን ይተዉት።